የግራን ሳሶው ሆቴልና የ1936 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ

የ1936 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ እሑድ ቀን ዋለ። አገሩ ከፋሺስት ወረራ ነጻ ከወጣ ወዲህ የተከበረ ሦስተኛው አዲስ ዓመት ነበር፤ ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። በዚያው ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከሮም በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በግራን ሳሶ ተራራ ላይ ሞተር የሌላቸው የጀርመን አውሮፕላኖች አንድ ሆቴል ደጃፍ እየተንሸራተቱ አረፉ። የመጡት ኢትዮጵያን የወረረውን ቤኒቶ ሙሶሊኒን ከእስር ሊያወጡ ነበር። አውጥተውም ወሰዱት።

ይህ ታሪክ በአውሮፓ ቋንቋዎች ብዙ ተጽፎበታል። ብዙውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ጦር ሜዳ ጀብዱ ነው፦ አውሮፕላኑ እንዴት አረፈ፣ ማን ቀድሞ ዘለለ፣ ማን በር ሰብሮ ገባ። እኔ ግን ሆቴሉን ከመሠረቱ ጀምሬ ልተርከው እወዳለሁ። እስረኛውን ያሰሩት፣ እሱ ከወጣ በኋላም አብረውት የተሰለፉት ዋና ዋናዎቹ ሰዎች በእኛም ታሪክ ውስጥ ስማቸው በደም የተጻፈ ነውና፣ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ቤት በራሱ ዓይን ሊያየው ይገባል። ከዚህ በታች ‹ዓ.ም.› ያልተባለበት ዓመት ሁሉ፣ ከነወሩና ከነቀኑ፣ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ግራን ሳሶ በጣሊያን ወገብ ላይ ከተዘረጉት ከአፔኒን ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ነው። ከፍተኛው ጫፉ ኮርኖ ግራንዴ 2,912 ሜትር ይደርሳል። ከጫፉ ሥር ካምፖ ኢምፔራቶሬ የሚባል፣ ዛፍ የማይታይበት፣ ነፋስ የሚያፏጭበት ሰፊ ሜዳ አለ። ሆቴሉ የቆመው በዚህ ሜዳ አንድ ዳር፣ 2,130 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ከፍታው ብርቅ አይደለም፤ ከእንጦጦ ሥር ካለው ከተማ እንኳ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ያለው በብርዱ ነው፤ እዚያ በረዶው ለወራት ተቆልሎ ይቆያል።

ሆቴሉ ከመሠራቱ በፊት ቦታው የእረኛ ነበር። የአብሩዞ እረኞች በሞቃቱ ወራት በጎቻቸውን እዚህ ሲያሰማሩ ይከርሙና ብርዱ ሲገባ መንጋውን እየነዱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ፑሊያ ቆላ ይወርዱ ነበር። ትራቱሮ የሚባለው የመንጋ መንገድ ከላኲላ ከተማ እስከ ፎጃ 244 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሰውም ከብትም በእግሩ ይጨርሰው ነበር። ከተራራው ግርጌ ያለችው ላኲላ በመካከለኛው ዘመን የበለጸገችው በዚህ መንጋ ጠጕርና በአካባቢው በሚበቅለው ሳፍሮን ንግድ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን የሱፍ ንግዱ ደክሞ ነበር፤ ወጣቱም ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው የፋሺስቱ ሥርዓት ተራራውን በሌላ ዓይን ማየት የጀመረው። የበረዶ ሸርተቴ የሥርዓቱ መኩሪያ ከሆኑት ስፖርቶች አንዱ ነበር፤ ጠንካራ ሰውነት፣ ደፋር ወጣት፣ የተገራ ተፈጥሮ የሚሉት ሐሳቦች ሁሉ በውስጡ ነበሩበት። ከሮም ብዙም የማይርቅ ትልቅ የበረዶ መዝናኛ ማግኘት ደግሞ ለዋና ከተማዋ ሀብታሞች የሚመች ነገር ነበር። ሥራውን የገፋው የላኲላ ከንቲባ የነበረው አዴልኪ ሴሬና ነው። ይህ ሰው በኋላ የሕዝብ ሥራ ሚኒስትር፣ ከዚያም ከ1940 እስከ 1941 የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ እስከ መሆን የደረሰ ነው። የሆቴሉን ንድፍ ያወጣው መሐንዲስ ቪቶሪዮ ቦናዴ ቦቲኖ ለፊያት ባለቤቶች በመሥራት የሚታወቅ ሲሆን፣ በሰሜን ጣሊያን በሴስትሪዬሬ የበረዶ መዝናኛ ያሉትን ክብ ግንብ ሆቴሎችም የሠራ ነው።

በ1934 ከተራራው ግርጌ ከፎንቴ ቼሬቶ ተነሥቶ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ የሚወጣው ኬብል ካር ሥራ ጀመረ፤ ሆቴሉም ተከፈተ። ግንባታውን ለማየት ከላይ ማየት ይሻላል፦ አንዱ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጎኑ እንደ ግማሽ ክብ የጎበጠ፣ የላቲኑን ‹ዲ› ፊደል የመሰለ ነው። ሌሎች ሁለት ሕንጻዎች ተጨምረው ሦስቱ አንድ ላይ ሙሶሊኒ የሚጠራበትን ማዕረግ በላቲን ፊደላት ተራራው ላይ እንዲጽፉ ታስቦ ነበር ይባላል። የተሠራው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በአሠራሩ ጌጥ አይበዛበትም፤ ረድፍ መስኮቶች፣ ለስላሳ ግድግዳ፣ ነፋስን ለመቋቋም የተጠጋጋ ቅርጽ። በዘመኑ ‹ራሽናሊስት› የሚባለው የጣሊያን ሥነ ሕንጻ እዚህ ላይ ከነባሕርይው ይታያል። አሥመራ ለኖረ ሰው እንግዳ የሚሆን አይመስለኝም፤ ያው ትውልድ፣ ያው እርሳስ ነው።

ሆቴሉ በተከፈተበት ዓመት መጨረሻ፣ በኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ወልወል ላይ ተኩስ ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። የሮም ባለጠጎች በኬብል ካር እየወጡ በረዶ ላይ በሚንሸራተቱባቸው በእነዚያ ዓመታት ማይጨው ሆነ፣ የመርዝ ጋዝ ወረደ፣ የካቲት 12 ሆነ። ሁለቱን ነገሮች የሚያያይዘው ቀኑ ብቻ አይደለም። ተራራው ላይ ገመድ የዘረጋውና አገራችን ላይ ጦር ያዘመተው አንድ ሥርዓት፣ አንድ ካዝና፣ አንድ የኩራት መንፈስ ነበር።

ወደ 1943 ልለፍ። በሐምሌ ወር የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ሲሲሊ ላይ አረፈ፤ ሮምም በቦምብ ተመታች። ከሐምሌ 24 ለ25 አጥቢያ የፋሺስቱ ታላቅ ምክር ቤት ተሰብስቦ ዲኖ ግራንዲ ያቀረበውን የሙሶሊኒን ሥልጣን የሚገፍ ሐሳብ በ19 ድምፅ አሳለፈ። በማግስቱ ሙሶሊኒ ወደ ንጉሡ መኖሪያ ሲሄድ ንጉሡ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ መሻሩን ነገረው፤ ከደጅ ሲወጣ ካራቢኒየሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊሶች ይዘው በአምቡላንስ ወሰዱት። በምትኩ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ማለት አለበት። ሙሶሊኒን የሻረው ንጉሥ ከግንቦት 1936 ጀምሮ ‹የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት› የሚል ማዕረግ በስሙ ላይ የጨመረ ሰው ነው። የተተካው ባዶሊዮ ደግሞ በሰሜኑ ግንባር ጦሩን መርቶ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባ፣ ለዚህም ‹የአዲስ አበባ መስፍን› ተብሎ የተሸለመ ነው። ያሰሩትም የታሰረውም በእኛ ላይ የተሠራው ግፍ ተካፋዮች ነበሩ።

እስረኛው በመጀመሪያ የተወሰደው ወደ ፖንዛ ደሴት ነው። ስድሳኛ ዓመቱን የደፈነው እዚያ ነው። ያረፈበት ቤት ቀደም ብሎ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ታስረውበት የነበረው ቤት ነው። ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ምዕራቡን ይዘው ሲዋጉ ቆይተው በ1936 መጨረሻ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ከተያዙ በኋላ ወደ ጣሊያን ተግዘው ነበር። እሳቸውን ወደዚያ ደሴት ያስጋዘው መንግሥት መሪ በተራው በዚያው ጣሪያ ሥር ገባ። ሙሶሊኒ ራሱም ይህን ያውቅ ነበር፤ በኋላ በጻፈው ማስታወሻ ጠቅሶታል። ራስ እምሩ ጣሊያን ስትወድቅ በ1943 ነጻ ወጥተው አገራቸው ገቡ።

ጀርመኖች እንዳያገኙት ከፖንዛ ወደ ሰርዲኒያ ጫፍ ወዳለችው ወደ ላ ማዳሌና ደሴት፣ ከዚያም በነሐሴ መጨረሻ በባሕር አውሮፕላን ወደ ሮም አካባቢ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ግራን ሳሶ ተወሰደ። መጀመሪያ ከኬብል ካሩ ግርጌ ባለች ትንሽ ማረፊያ ቤት ጥቂት ቀን ቆየ። በአውሮፓውያኑ መስከረም መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ወደ ትልቁ ሆቴል ወጣ። እንግዶቹ እንዲለቁ ተደርጎ ሆቴሉ ወህኒ ቤት ሆነ። ጠባቂዎቹ ሁለት መቶ ያህል ካራቢኒየሪና ፖሊሶች ሲሆኑ፣ አለቆቻቸው የፖሊስ ኢንስፔክተር ጁዜፔ ጉዌሊና የካራቢኒየሪው መቶ አለቃ አልቤርቶ ፋዮላ ነበሩ። ቦታው የተመረጠው ለመውጫው ጠባብነት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሰውም ስንቅም የሚደርሰው በኬብል ካሩ ነበር። ታችኛውን ጣቢያ የያዘ ሰው ተራራውን ያዘ ማለት ነው።

እስረኛው ‹በዓለም ከፍተኛው ወህኒ ቤት› እያለ ይጠራው ነበር ይባላል። ኑሮው ግን ወህኒ ቤት አይመስልም። በሁለተኛው ፎቅ ሰፋ ያለ ክፍል ተሰጠው፤ ጨጓራውን ያመው ስለነበር የሚስማማውን ምግብ ይበላል፤ ከጠባቂዎቹ ጋር ካርታ ይጫወታል፤ በደጁ ይንሸራሸራል፤ ሬዲዮ ያዳምጣል። ይህን የምጽፈው በአሲናራ ደሴት ላይ የታጎሩትን ወገኖቻችንን እያሰብኩ ነው። ከየካቲት 12 በኋላ ተግዘው በባሕር ማዶ የታሰሩት መኳንንት፣ ወይዛዝርትና ሕፃናት በእንዲህ ያለ ክፍል አልኖሩም።

ጳጉሜን 3 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ባዶሊዮ ጣሊያን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር የተኩስ አቁም ስምምነት መፈራረሟን በሬዲዮ አስታወቀ። በማግስቱ ሌሊት ንጉሡና ባዶሊዮ ሮምን ጥለው በአብሩዞ በኩል ወደ አድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ሸሹ፤ ከዚያም በመርከብ ብሪንዲሲ ገቡ። ሽሽታቸው ከግራን ሳሶ ሩቅ አልነበረም። እስረኛውን ግን አላንቀሳቀሱትም፤ ይዘውት አልሄዱም፤ ለማንም አላስረከቡትም። ጠባቂዎቹም ግልጽ ትእዛዝ አጡ። ከሮም የፖሊስ አዛዡ የላከላቸው መልእክት ‹እጅግ ተጠንቀቁ› የሚል ብቻ ነበር። በአገሩ ላይ ሁለት ሠራዊት የሚፋለምባቸው እነዚህ ወታደሮች እንዲህ ያለውን ቃል ‹አትተኩሱ› ብለው ቢተረጉሙት አይፈረድባቸውም።

ጀርመኖች ቦታውን ያወቁት ከሬዲዮ ነው። ጉዌሊ የፈረመበትን፣ በግራን ሳሶ ዙሪያ የጥበቃው ዝግጅት መጠናቀቁን የሚገልጽ መልእክት በሮም የነበሩ የጀርመን የስለላ ሰዎች ጠልፈው ፈቱት። ሂትለር እስረኛው እንዲገኝ ያዘዘው ጄኔራል ኩርት ሽቱደንትን፣ የአየር ወለድ ጦሩን አዛዥ፣ ነው። የዘመቻውን ዕቅድ ያወጣው ሻለቃ ሃራልድ ሞርስ ነበር። ሞርስ ራሱ የመኪና ጦር ይዞ በመንገድ ወደ ኬብል ካሩ ታችኛ ጣቢያ ሄደ፤ አሥር ያህል ሞተር አልባ አውሮፕላኖች ደግሞ በሌሎች አውሮፕላኖች እየተጎተቱ ከሮም አቅራቢያ ተነሡ። ከነዚህ በአንደኛው የኤስ ኤሱ መኮንን ኦቶ ስኮርዜኒ ተሳፍሯል። አንድ የጣሊያን የፖሊስ ጄኔራል፣ ፈርናንዶ ሶሌቲም፣ አብሮ እንዲመጣ ተገድዶ ነበር፤ ጠባቂዎቹ የራሳቸውን ጄኔራል ሲያዩ እንዳይተኩሱ ነው።

ሜዳ መስሎ የታያቸው ከሆቴሉ አጠገብ ያለው ቦታ ድንጋያማ ቁልቁለት ሆኖ ተገኘ። አውሮፕላኖቹ እየተጋጩና እየተሰባበሩ አረፉ፤ አንደኛው ተከስክሶ ተሳፋሪዎቹ ቆሰሉ። ሆቴሉ ላይ ግን አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ሶሌቲ ‹አትተኩሱ› እያለ ጮኸ፤ ሙሶሊኒም በመስኮት ብቅ ብሎ ያንኑ ተናገረ። በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉ ነገር አለቀ። ከዚያ ካሜራዎች ወጡ። ጥቁር ካፖርትና ባርኔጣ ያጠለቀው፣ ጢሙ ያደገው እስረኛ በአየር ወለዶቹ ተከብቦ ሲቆም የሚያሳየው ፎቶግራፍ ያን ቀን የተነሣ ነው። ከተራራው የወረደው በአንዲት ትንሽ ፊዘለር ሽቶርክ አውሮፕላን ነው፤ አብራሪው ካፒቴን ሃይንሪክ ገርላህ ይባላል። አውሮፕላኗ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራች ብትሆንም ስኮርዜኒ ካልሄድኩ ብሎ ከኋላ ገባ። ወታደሮች ክንፏን ይዘው ሞተሩ እስኪያጓራ አቆዩዋት፤ ሲለቋት ድንጋዩ ላይ እየዘለለች ሄዳ ከገደሉ አፋፍ ወደ ሸለቆው ወረደች፤ አብራሪው በመጨረሻው ሰዓት አቀናት። ሙሶሊኒ በዚያው ምሽት ቪየና አደረ፤ በሦስተኛው ቀን ምሥራቅ ፕሩስያ ውስጥ ሂትለርን አገኘው።

የናዚ ፕሮፓጋንዳ ክብሩን ሁሉ ለስኮርዜኒ ሰጠው። ዕቅዱ የሞርስና የአየር ወለዶቹ ነበር፤ ስሙ የቀረው ግን ከእስረኛው ጎን ፎቶ ለመነሣት ለቻለው ሰው ነው። ቸርችል ራሱ በእንግሊዝ ፓርላማ የዘመቻውን ድፍረት አድንቆ ተናግሯል። ከጦርነቱ በኋላ ስኮርዜኒ መጻሕፍት ጻፈ፤ ጋዜጦችም አገኑት። የሆቴሉ ታሪክ የአንድ የኤስ ኤስ መኮንን ዝና ማድመቂያ ሆኖ የቀረው በዚህ ነው።

በዚህ ጀብዱ ትረካ ውስጥ የሚዘለሉ ሁለት ሰዎች አሉ። ጥይት አልተተኮሰም የሚባለው ላይኛው ሆቴል ዘንድ ነው። ታች፣ በሞርስ ጦር መንገድ ላይ፣ የደን ጠባቂው ፓስኳሌ ቪቶኮና የካራቢኒየሪው ባልደረባ ጆቫኒ ናታሌ ተገድለዋል። በዚያ ቀን በተራራው የሞቱት እነሱ ናቸው። ስለ ክንፍ ርዝመትና ስለ ነፋስ አቅጣጫ ገጽ ሙሉ የሚተርኩ መጻሕፍት ለእነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ መስመር መንፈጋቸው ያሳዝነኛል።

የዚያ ቀን ውጤት ከተራራው ቁልቁል የፈሰሰው ወዲያው ነው። ሙሶሊኒ በጀርመን ጥበቃ ሥር በሰሜን ጣሊያን፣ በሳሎ፣ አዲስ የፋሺስት መንግሥት አቆመ። ለዚህ መንግሥት የጦር ሚኒስትርነቱን የተቀበለው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የታረደበት፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተረሸኑበት ግራዚያኒ! በ1941 በሰሜን አፍሪካ በእንግሊዞች ተሸንፎ ከሥልጣን የራቀ ሰው ነበር። ወደ ሥልጣን የመለሰው ከግራን ሳሶ የወጣው ጌታው ነው። በየካቲት 1944 ለውትድርና አልሄድም ያለ የጣሊያን ወጣት በሞት እንዲቀጣ የሚል ዐዋጅ ወጣ፤ ጣሊያኖች እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት በግራዚያኒ ስም ነው። በእኛ ላይ የለመደው እጅ በገዛ አገሩ ልጆች ላይ ተዘረጋ።

ከሆቴሉ ሥር ያሉት መንደሮችም ከፈሉ። ሙሶሊኒ በወጣ በአሥራ አንደኛው ቀን ጀርመኖች በላኲላ ዘጠኝ ወጣቶችን ረሸኑ፤ ከተማዋ ‹ዘጠኙ ሰማዕታት› ብላ ታስባቸዋለች። በሰኔ 1944 ጀርመኖች ወደ ሰሜን ሲያፈገፍጉ በፊሌቶ 17 ሰው፣ ከአራት ቀን በኋላ በኦና ሌላ 17 ሰው ገደሉ። የአብሩዞ እረኞችና ገበሬዎች ግን ከእስር ካምፕ ያመለጡ የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች ወታደሮችን በየጎተራቸውና በየዋሻው እየደበቁ በተራራው ያሻግሯቸው ነበር። ይህንም ያደረጉት ጀርመኖች ቢይዟቸው ቅጣቱ ሞት እንደሆነ እያወቁ ነው።

በዚያው የአፔኒን ሰንሰለት በስተ ሰሜን፣ ማርኬ በሚባለው ክፍለ አገር፣ የእኛም ሰዎች ነበሩ። በ1940 ኔፕልስ ላይ ለተከፈተው የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ሕዝብ እንዲያያቸው ከምሥራቅ አፍሪካ የተወሰዱ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች ጦርነቱ መመለሻ ዘግቶባቸው ትሬያ አጠገብ ባለ ግቢ ተይዘው ይኖሩ ነበር። በ1943 መገባደጃ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ወጥተው በሳን ቪቺኖ ተራራ ከመሸጉት የጣሊያን ፀረ ፋሺስት ተዋጊዎች ጋር ተሰለፉ። ጓዶቹ ካርሌቶ እያሉ የሚጠሩት ኢትዮጵያዊ በኅዳር ወር 1943 ሲዋጋ ወደቀ። የጣሊያንን ነጻነት ኢትዮጵያዊ ደም ጭምር እንደዋጀው ትምህርት ቤት ያስተማረን የለም።

ሙሶሊኒ ከግራን ሳሶ ከወጣ በኋላ ሃያ ወር እንኳ አልኖረም። ሚያዝያ 20 ቀን 1937 ዓ.ም. በኮሞ ሐይቅ አጠገብ ፓርቲዛን በሚባሉት ፀረ ፋሺስት ተዋጊዎች እጅ ተገደለ። ከዚህ የሚከብደኝ ግን የሌሎቹ ነገር ነው። መስከረም 29 ቀን 1943 ባዶሊዮ ማልታ ላይ በአንድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሆኖ የረዥሙን የተኩስ አቁም ውል ፈረመ። የውሉ 29ኛ አንቀጽ ሙሶሊኒ፣ ዋና ዋና ጓደኞቹና በጦር ወንጀል የተጠረጠሩ ሁሉ ተይዘው እንዲሰጡ ያዝዛል። አንደኛው ተፈላጊ ከሁለት ሳምንት በፊት ከሆቴሉ ወጥቷል። የሚፈርመው ሰው ራሱ ደግሞ ኢትዮጵያ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ፊት በጦር ወንጀል ከከሰሰቻቸው አሥር ጣሊያኖች አንዱ ነው። ግራዚያኒም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበር። ኢትዮጵያ ማስረጃዋን አቀረበች፤ እንግሊዝ ግን ጣሊያንን በአዲሱ የምዕራብ ጎራ ለማቆየት ስለፈለገች ክሱ እንዲረሳ ተጫነች። ባዶሊዮ በ1956 በትውልድ መንደሩ ሞተ። ግራዚያኒ በ1950 ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ብቻ 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ተፈታ፤ በ1955 ሞተ። በ2012 በአፊሌ ከተማ የመታሰቢያ ሕንጻ ተሠራለት፤ በሮም፣ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን ያሉ ኢትዮጵያውያን ድምፃቸውን ያሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሆቴሉ ከጦርነቱ በኋላ ወደተሠራለት ሥራ ተመለሰ። ኬብል ካሩ ሮማውያንን ማመላለስ ቀጠለ፤ በአጠገቡ በ1950ዎቹ የተራራ ዕፀዋት መናፈሻ ተቋቋመ፤ የሮም የሥነ ፈለክ ተቋም ደግሞ ከሆቴሉ ጎን በቴሌስኮፕ ሱፐርኖቫና አስትሮይድ ይከታተል ነበር። ከተራራው ሆድ ውስጥ የአውራ ጎዳና ዋሻ ተቆፍሮ፣ ከዋሻው ጋር ተያይዞ በዓለም ከታወቁት የፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች አንዱ ተሠራ። ከጣሊያን የብስክሌት ዙር ውድድር አንዱ ምዕራፍ አንዳንድ ዓመት እዚህ ይጠናቀቃል፤ በ1999 ማርኮ ፓንታኒ ያሸነፈበትን ቀን የአካባቢው ሰው ዛሬም ያነሣል። ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ከቫቲካን ጸጥ ብለው እየወጡ በዚህ ተራራ ይራመዱ ነበር።

በሚያዝያ 2009 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ላኲላን አፈረሰ፤ 309 ሰው ሞተ፤ በ1944 የተጨፈጨፈችው ኦና ከሁሉ ይበልጥ ተጎዳች። በዚያው ዓመት ሐምሌ የስምንቱ ኃያላን አገሮች ጉባኤ ከታቀደለት ከላ ማዳሌና ተነሥቶ ወደ ላኲላ ተዛወረ። ከተጋበዙት የአፍሪካ መሪዎች አንዱ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። ሙሶሊኒ ከላ ማዳሌና ወደዚህ በተጋዘ በ66ኛው ዓመት መሆኑ ነው፤ የኢትዮጵያ መሪ ከግራን ሳሶ ሥር በክብር ተቀምጠው ስለ አፍሪካ ምግብ ዋስትና ተናገሩ።

የሙሶሊኒ ክፍል ለረዥም ዘመን ከነዕቃው ተጠብቆ ለጎብኚ ይታይ ነበር። የሚያዩት ሁሉ የታሪክ ተማሪዎች አልነበሩም፤ የድሮውን ሥርዓት የሚናፍቁ ሰዎችም እንደ ስለት ቦታ ይመጡበት ነበር። በቅርብ ዓመታት ሆቴሉ ለትልቅ እድሳት ተዘግቷል። አልጋውንና ወንበሩን ወደ ቦታው መመለስ ቀላል ሥራ ነው። ክፍሉ እንዲታይ ከተፈለገ በግድግዳው ላይ የቪቶኮና የናታሌ ስም፣ የዘጠኙ ወጣቶች ስም፣ ራስ እምሩ የታሰሩበት የፖንዛው ቤት ፎቶግራፍ፣ ባዶሊዮ የፈረመበት 29ኛው አንቀጽ ከነቃሉ እንዲሰቀሉ እጠይቃለሁ። የላኲላ ማዘጋጃ ቤት የሆቴሉ ባለቤት ነው፤ ሰነዶቹ በሮምም በአዲስ አበባም አሉ።